አደራና ውርስ፤ ነጋዴ ሀብቱን ለልጆቹ የሚያቆይበት መንገድ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል፡፡ ነገር ግን በቃል ብቻ የተሰጠ አደራ፣ ሰጪው በሞተ ጊዜ ምስክር ያጣል፡፡ ስለዚህ ለነጋዴ የሚበጀው በሕግ የጸና አደራ ነው፡፡

ለምሳሌ ያህል፣ በወረታ ከተማ አንድ የሩዝ መፈልፈያ፣ አንድ መጋዘንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሦስት ልጆች ያሉት ነጋዴ ሳይናዘዝ ቢሞት፣ በመጀመሪያ ሚስቱ ከጋራ ሀብት ድርሻዋን ታነሣለች፤ የቀረውን ልጆቹ በእኩል ይወርሳሉ፡፡ መፈልፈያ ግን ለሦስት አይቆረጥም፡፡ ክፍያ የተጠየቀ እንደ ሆነ መሸጥ ይከተላል፡፡ የፎገራ ሩዝ በተሰበሰበ ቊጥር ቤቱን ሲመግብ የኖረው መሣሪያ በአንድ ቀን ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል፤ ገንዘቡም ልጆቹ ሳያድጉ ሊያልቅ ይችላል፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መላ አለው፡፡ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ እንግሊዞች «ትረስት» ከሚሉት ጋር የሚመሳሰለው ሥርዓት ከቊጥር 516 ጀምሮ ተደንግጓል፡፡ በዚህ መሠረት ባለሀብቱ የተወሰነ ንብረት ለይቶ፣ የሚያስተዳድረውን አደራ ጠባቂና የሚጠቀሙትን ልጆች ይሰይማል፤ ገቢው ለምን እንደሚውልና ንብረቱ መቼ ለልጆቹ እንደሚተላለፍም ይወስናል፡፡ የአደራ ጠባቂው የግል ባለዕዳ ጠያቂዎች ይህን ንብረት ሊይዙ አይችሉም፡፡ የማይንቀሳቀሰውንም፣ ሰነዱ ካልፈቀደለት በቀር፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም፤ በነጻ መስጠትም አይችልም፡፡ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታም አለበት፡፡

አደራው የሚቋቋመው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ነው፤ የአጻጻፉም ሥርዓት የእነርሱን ይከተላል፡፡ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይህም መፈጸሙና ቀኑ ተጽፎ፣ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል፡፡ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፡፡ በሞት አልጋ ላይ ለሁለት ምስክሮች የሚነገር የቃል ኑዛዜ ግን ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ካልሆነ በቀር አይጸናም፡፡ መፈልፈያን በዚህ መንገድ ለማውረስ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው፡፡

የገጠር መሬት ይዞታ በአማራ ክልል የመሬት አዋጅ ስለሚመራ ከንግዱ ሀብት ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው መታየት አለበት፡፡ የሚስትም ድርሻ የራሷ ስለ ሆነ ባልየው ሊናዘዝበት አይችልም፡፡

ከሁሉ በላይ አደራ ጠባቂው በጥንቃቄ ይመረጥ፡፡ ደብተር መያዝ የሚያውቅ፣ ከውርሱም ጥቅም የማይፈልግ ሰው ይሻላል፡፡ ነጋዴ ለዕቃው ደረሰኝ ሳይቀበል አያስረክብም፤ ለልጆቹ እንጀራም ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባውም፡፡