የሙት ልጅና የአባቱ መሬት

በአገራችን ገጠር እናትና አባት የሞቱበትን ልጅ ማን ያሳድገዋል ብንል መልሱ በፍጥነት ይመጣል፤ ዘመድ ነው። አያት ካለች አያት፣ ከሌለችም አክስት ወይም አጎት ይወስደዋል። ብዙ ጊዜም ነገሩ የሚቆረጠው ለለቅሶ የመጣው ዘመድ ሳይበተን ነው። ስለ ዘመድ ደግነት ብዙ ስለተነገረ እኛ በዚህ ላይ አንቆይም። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ልጁ ወደ ዘመድ ቤት ሲገባ የአባቱ መሬት በማን እጅ እንደሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ልጅን ማስጠጋትና ልጅን ልጅ ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን መረዳት ያሻል። የተጠጋ ልጅ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ከብት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከአሳዳጊው አይወርስም። ልጅ ማድረግ ግን በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ ይባላል፤ ቃሉ ማሳደግ ከሚለው የኦሮምኛ ግስ የወጣ ሲሆን ዛሬ የአማርኛ ሕጋችንም ይጠቀምበታል። በዚህ ሥርዓት የገባ ልጅ ከአሳዳጊው አብራክ እንደ ወጣ ይቆጠራል። በአማራ ዘንድ ደግሞ የጡት ልጅ የሚባል ነበር፤ ልጅ የሚሆነው ሰው ማር የተቀባ ጣት ይጠባ ነበር። (ይህ ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ጠባቂ ጌታ ለሚሻ ጎልማሳም ያገለግል ነበር።) እንደሚመስለን አብዛኛው የሙት ልጅ በመጀመሪያው መንገድ የሚያድገው የሥጋ ዘመድ ለሆነ ልጅ ሌላ ሥርዓት ማድረግ ትርፍ ስለሚመስል ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ልጁ ገና እርፍ ስለማይጨብጥ መሬቱ በእኩል ወይም በሲሶ ይታረሳል። አራሹም ብዙ ጊዜ ያው አሳዳጊው አጎት ነው፤ በሬ አለው፣ ማሳውም ድንበርተኛው ነው። የልጁ ድርሻ የሆነው እህል በአጎቱ ጎተራ ይገባል፤ ልጁም ከዚያው ጎተራ ይበላል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ የሚጽፍ የለም፤ ዘመድ ከዘመድ ጋር ሒሳብ መተሳሰቡም እንደ ነውር ይታያል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መሬቴን ልረከብ ሲል አጎት «ያሳደግሁህ እኔ ነኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ወጣቱም «የበላሁት የአባቴን መሬት እህል ነው» ይላል፤ እርሱም አልዋሸም። ሽማግሌ ቢቀመጥ እንኳ የሚይዘው ቁጥር የለውም። በሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ወደ ሌላ መንደር ካገባች መሬቱን ትታው እንደ ሄደች ይቆጠርባታል።

ሕጉ ነገሩን አልዘነጋውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሟች ወላጆች ኑዛዜ ከሌለ አሳዳሪነትን በቅድሚያ ለአያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚያም ለአጎትና ለአክስት ይሰጣል። ይህ ከባሕሉ ብዙም አይርቅም። (አማራና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።) ልዩነቱ ሥራውን በሁለት ስም መጥራቱ ነው፤ አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ፣ ሞግዚት ደግሞ ሀብቱን ይጠብቃል። በተራ ንግግር ሞግዚት ሕፃን የምታዝል ሴት ስለሆነች ገበሬው ቃሉን ሲሰማ ግር ቢለው አያስደንቅም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው በሕጋዊ ሞግዚቱ አማካይነት በመሬት እንዲጠቀም ደንግጎ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ የዘመድ ቤት ሸክም እንደ ቀድሞው ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ አሳዳጊውን የሚያስደነግጥ ሐሳብ አናቀርብም። ልጁ ከአባቱ ወንድም ዘንድ ካደገ የሀብቱ ጠባቂ ከእናቱ ወገን ቢሆን ግን የሚከብድ አይመስለንም። እህል የሚሰፈረው በአውድማ፣ በሰው ፊት ነው፤ ያ ሰው በዚያን ቀን ተገኝቶ የልጁን ድርሻ ቁና በቁና በደብተር ቢያሰፍር አጎትም ከኋላ ክስ ይድናል።