የኋለኛው ቤት ስለ ምን አነሰ? ሐተታ በትንቢተ ሐጌ ምዕራፍ 2

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ሰው ብዙ ዘመን ሲናፍቀው የኖረውን ነገር ባገኘ ጊዜ፥ ያገኘው ነገር በልቡ ሥሎት ከኖረው አንሶ ይታየዋል። የዚህ ኀዘን ነገር በቅዱሳት መጻሕፍት ወዴት ተነገረ ቢሉ፥ ከሁሉ ይልቅ በትንቢተ ሐጌ ተነገረ። መጽሐፉ ምዕራፉ 2 ብቻ ነው፤ ስለ ታናሽነቱ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። ነገር ግን ታናሽ መስሎ ስለሚታይ ነገር የሚያስተምር እርሱ ነውና፥ አስቀድመን ታሪኩን፥ አስከትለን ምሥጢሩን እንናገራለን። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪክ። ሰሎሞን በነገሠ በ4ኛው ዓመት ቤተ መቅደስን መሥራት ጀመረ፤ በ7 ዓመትም ፈጸመው። ርዝመቱ 60 ክንድ፥ ወርዱ 20 ክንድ፥ ቁመቱ 30 ክንድ ነበረ። ቅድስተ ቅዱሳኑን በ600 መክሊት ወርቅ ለበጠው። ቤቱን በቀደሰ ጊዜም 22,000 በሬና 120,000 በግ ሠዋ። ይህን ቤት በ586 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የናቡከደነፆር ሠራዊት አቃጠለው፤ ሕዝቡም ወደ ባቢሎን ተማረከ።

ከዚህ በኋላ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን ይዞ፥ በ538 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሕዝቡ ወደ አገሩ ይመለስ ብሎ አዋጅ ነገረ። ዕዝራ እንደ ጻፈው የተመለሰው ማኅበር ቁጥሩ 42,360 ሲሆን፥ ወንዶችና ሴቶች አገልጋዮቻቸው ደግሞ 7,337 ነበሩ። በመጡ በ2ኛው ዓመት መሠረት ጣሉ። በዚያን ቀን ወጣቶቹ ስለ ደስታ እልል አሉ፤ የቀደመውን ቤት ያዩ ሽማግሎች ካህናት ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የእልልታው ድምፅ ከልቅሶው ድምፅ ሊለይ አልተቻለም። ኋላም ጠላት ተነሥቶ ሥራው ተቋረጠ፤ ዳርዮስ በነገሠ እስከ 2ኛው ዓመት ድረስ፥ ይኸውም እስከ 520 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፥ መሠረቱ ሣር በቅሎበት ከሚኖር ፍርስራሽ የሚሻል አልነበረም።

በዚያ ዓመት በ6ኛው ወር መባቻ ሐጌ ተነሥቶ ሕዝቡን ገሠጸ። በ24ኛው ቀን ሥራ ተጀመረ። ወር ሳይሞላው በ7ኛው ወር በ21ኛው ቀን ነቢዩ ሁለተኛ ጊዜ ተናገረ። የምንተረጕመው ይህን ነው።

ሐተታ። ነቢዩ ያን ቀን ስለ ምን መረጠ ቢሉ፥ ቀኒቱ የበዓለ መጸለት፥ የዳስ በዓል፥ ሰባተኛ ቀን ናት። ሰሎሞን የቀደመውን ቤት የቀደሰው በዚያው ወር በዚያው በዓል ነበረ። እንግዲህ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፥ አባት ለልጁ የሰሎሞንን በዓል በሚተርክበት ቀን፥ ዓይን ሁሉ ወደ ፍርስራሹ ያይ ነበር። ሰው እጅግ የሚያዝነው ያጣውን በሚያስታውስበት ቀን ነውና፥ መድኃኒቱም በዚያ ቀን መጣ።

ነቢዩ ምን አለ ቢሉ፥ አስቀድሞ ጠየቀ። ይህን ቤት በቀደመ ክብሩ ያየ ከእናንተ የቀረ ማን ነው? ዛሬስ እንዴት ታዩታላችሁ? በዓይናችሁ ፊት እንደ ምንም ያልተቈጠረ አይደለምን? የሚል ነው የጥያቄው ሐሳብ። በዚህ ስፍራ አስተውል፤ ነቢዩ አላነሰም ብሎ አልካደም። የሐሰት አጽናኝ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ያማረ ነው፥ ሽማግሎቹ በዕድሜ ብዛት ተሳስተዋል ባለ ነበር። ከ586 እስከ 520 ያለው 66 ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ አሁን 76 ዓመት ሆኖታል። በሕፃን ዓይን የታየ ደጅ ከልኩ ከፍ ብሎ እንደሚታሰብ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነቢዩ ግን በዚህ አልነቀፋቸውም፤ ያዘኑበትን ነገር እውነት ነው ብሎ ተቀበለ። የሚያዝነውን ሰው ኀዘንህ ከንቱ ነው ማለት ቍስሉን ሳያዩ መድኃኒት ማሰር ነው።

የጐደለውስ ምንድር ነው ቢሉ፥ የክንድ ልክ ብቻ አይደለም። በዕዝራ መጽሐፍ ቂሮስ የፈቀደው ቁመት 60 ክንድ፥ ወርድ 60 ክንድ ነው፤ ይህ ከሰሎሞን ልክ ይበልጣል። ጐደሎው ሌላ ነው። አንደኛ ወርቁ ነው፤ ሕዝቡ እንደ ችሎታው ለሥራው የሰጠው 61,000 የወርቅ ዳሪክ፥ 5,000 ምናን ብርና 100 የካህናት ልብስ ነበረ። በ515 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቤቱ በተፈጸመ ጊዜም ለቅዳሴ ቤቱ የቀረበው 100 በሬ፥ 200 አውራ በግ፥ 400 ጠቦትና 12 የፍየል አውራ ነው። ይህን ከሰሎሞን መሥዋዕት ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ሁለተኛ፥ ከወርቁ የሚበልጠው ጐደሎ ታቦተ ሕግ ነው። የአይሁድ መምህራን ሁለተኛው ቤት 5 ነገር ጐደለው ብለው ሲቈጥሩ፥ ታቦትን ከመክደኛውና ከኪሩቤል ጋር አስቀድመው ይጠራሉ። ታቦቱ ወዴት ሄደ ለሚለው፥ ኤርምያስ በዋሻ ሸሸገው የሚሉ አሉ፤ የእኛ ክብረ ነገሥት ደግሞ በሰሎሞን ዘመን ከልጁ ከምኒልክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ ብሎ ይተርካል። የሁሉም ነገር በዚህ ይገናኛል፤ በሁለተኛው ቤት ቅድስተ ቅዱሳን ታቦት አልነበረም።

ስለዚህ በ63 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሮም መስፍን ፖምፔዮስ ኢየሩሳሌምን ይዞ፥ ሊቀ ካህናት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከሚገባበት ስፍራ ደፍሮ በገባ ጊዜ፥ የአምላክ ምስል የሌለበት ባዶ ስፍራ ሆኖ እንደ ተገኘ የሮም ጸሐፊ ታኪቶስ ይናገራል። አሕዛብ በመቅደስ ውስጥ ጣዖት ማየት ለምደዋልና፥ ይህን ያህል ሕዝብ የሚሞትለት ስፍራ ባዶ መሆኑ ለእነርሱ ድንቅ ነበር። በማግሥቱ ግን ካህናቱ ቤቱን አንጽተው እንደ ሥርዓታቸው መሥዋዕት አቀረቡ። ለመስፍኑ ባዶ የመሰለው ለካህናቱ ባዶ አልነበረም።

ምሥጢር። አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንመለስ። ሽማግሎቹ ሁለት ቤት ይቈጥሩ ነበር፤ የቀደመ ቤትና የአሁን ቤት ብለው። ነቢዩ ግን ይህን ቤት በቀደመ ክብሩ ያየ ማን ነው አለ እንጂ፥ ያን ቤት ያየ ማን ነው አላለም። በፊታቸው የቆመው ገና ያልተከደነ ግንብ ሲሆን፥ ነቢዩ ሰሎሞን ከሠራው ቤት ጋር አንድ አድርጎ ቈጠረው። ይህስ እንደምን ነው ቢሉ፥ ቤቱን አንድ የሚያደርገው ድንጋዩና ወርቁ አይደለም፤ ስሙን ያኖረበት እግዚአብሔር አንድ ስለ ሆነ ነው። ድንጋዩ ተቃጠለ፥ ዝግባው አመድ ሆነ፥ ቤቱ ግን አንድ ነው፤ ክብሩ ቀድሞ እንዲያ ነበረ፥ አሁን እንዲህ ሆነ፥ ወደ ፊት ሌላ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የኋለኛው ክብር ከፊተኛው እንደሚበልጥ ተስፋ ሰጠ። በዚህ ስፍራ የኋለኛ የሚለው ቅጽል ለቤቱ ይሰጣልን ወይስ ለክብሩ? ይላሉ። በዕብራይስጥ ለሁለቱም ሊሰጥ ይቻላል። የሰብዓ ሊቃናት የጽርእ ትርጓሜ ግን ክብር የሚለው ቃል በጽርእ በአንስታይ ስለሚነገር፥ ቅጽሉንም በአንስታይ አድርጎ ለክብሩ ሰጥቶታል። እንግዲህ የሚበልጠው የዚያው የአንዱ ቤት የኋለኛ ክብር ነው። ይህም ከላይ ካልነው ጋር ይስማማል።

ይበልጣል ማለት እንደምን ነው ቢሉ፤ በዘመን ይበልጣል። የፊተኛው 400 ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ የኋለኛው ግን ከ515 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስከ 70 ዓመተ ምሕረት ከ580 ዓመት በላይ ቆመ። አንድም፥ በጌጥ ይበልጣል። ሄሮድስ በ20 ዓመት ገደማ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ በታላላቅ ድንጋይ አስፍቶ ሠራው፤ በዮሐንስ ወንጌል አይሁድ 46 ዓመት ተሠራ ብለው የተመኩበት ነው። አንድም፥ ጌታ በሥጋ ስለ ገባበት ይበልጣል። የፊተኞቹ ሁለቱ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የሚያሳርፉ አይደሉም። በዘመን መብለጥስ ፍርስራሽም ብዙ ዘመን ይቆማል። የሄሮድስን ጌጥ የሮም ሠራዊት በ70 ዓመተ ምሕረት አጠፋው። ሦስተኛው ብቻ ያርፋል።

ያስ ክብር በምን ምልክት መጣ? ሰሎሞን 22,000 በሬ በሠዋበት ስፍራ፥ ያ ክብር የመጣ ዕለት የቀረበው መሥዋዕት የዋኖስ ወይም የርግብ ጥንድ ብቻ ነው። ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ጠቦት መግዛት ለማትችል ድኻ እናት የተፈቀደው ነው። ድንግል ልጇን ታቅፋ ስትገባ ያስተዋሉ ሁለት አረጋውያን ብቻ እንደ ነበሩ ወንጌል ያሳያል፤ ስምዖንና ሐና። በመሠረቱ ቀን ሽማግሎች የቤቱን ማነስ አይተው አለቀሱ፤ በዚህ ቀን ሽማግሌ ታናሹን ሕፃን አቅፎ ደስ አለው። ያ የተጠበቀው ክብር በመለከትና በሠራዊት ይመጣል ብሎ በደጅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ቢኖር፥ በአጠገቡ ሲያልፍ አላየውም።

ማርቆስም በወንጌሉ ይህን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ጻፈው። ጌታ በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ፥ ከባለ ጠጎች ስጦታ ይልቅ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አመሰገነ። ወዲያው ሲወጡ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የድንጋዩንና የሕንጻውን ታላቅነት እያደነቀ አሳየው፤ ጌታም ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ነገረው። ያደነቁት ፈረሰ፤ ያላዩት ጸና።

ምሳሌ በአገራችን። የአክሱም ጽዮንን ቤተ ክርስቲያን በ1520ዎቹ ያየ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ 5 ክፍል ያላት እጅግ ሰፊ እንደ ነበረች ጽፏል። በ1535 በግራኝ ጦርነት ተቃጠለች። በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ ያሠሩት ቤት ከቀደመው ያነሰ ነው፤ ዛሬም በቀደመችው ሰፊ መሠረት ላይ ቆሞ ይታያል፤ መሠረቱ ከግንቡ ውጭ ተርፎ የቀደመውን ልክ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ግን ካህናቱ ሌላ ጽዮን ናት አላሉም፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1872 ዘውድ የጫኑት በዚያው በአክሱም ነው። መሠረቱ ተርፎ ሲታይ ግንቡን አያሳፍረውም፤ አንድ ቤት መሆኑን ይመሰክርለታል።

ተግሣጽ። ከዚህ ሁለት ደዌ እንማራለን። የመጀመሪያው ሥራ ሳይጀመር የሚይዝ ነው። ሕዝቡ ጊዜው አልደረሰም እያለ በጌጠኛ ቤቱ ተቀምጦ የእግዚአብሔርን ቤት እንዳፈረሰ ተወው። ዛሬም ታላቅ ሕንጻ እስካቆም ድረስ ብሎ፥ የሚያንጠባጥበውን ክዳን ሳይጠግን የሚያረጅ ባለ ጸጋ አለ። ሁለተኛው ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚይዝ ነው፤ ይህ ምን ይረባል ማለት ነው። በታላቅ ደብር ተምሮ ወደ ገጠር የተላከ ካህን የሣር ክዳን ያላትን ቤተ ክርስቲያን፥ ሦስት ዲያቆናትና ጥቂት ምእመናን አይቶ ልቡ ይወድቃል። ይህ ካህን ያስተውል፤ በዚያች ቤት መንበር ላይ ያለው ታቦት፥ በዚያችም ጽዋ የሚሠዋው ደም፥ በታላቁ ደብር ካለው አንዲት ነጥብ አያንስም። የሚለየው ግንቡ ነው።

የሐጌ መድኃኒት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ያነሰውን አንሷል በል፤ አትዋሽ። ሁለተኛ፥ በርታና ሥራ፤ ነቢዩ በርታ ያለው ለመስፍኑ ለዘሩባቤል፥ ለሊቀ ካህናቱ ለኢያሱና ለሕዝቡ ሁሉ ነው፤ መኰንኑም ካህኑም ባላገሩም ከዚህ ትእዛዝ አልወጣም። ሦስተኛ፥ ክብሩን አንተ አታምጣ፤ ባለቤቱ ያመጣዋል። ልቅሶ ያለቀሱት ሽማግሎች ምናልባት ከ5 ዓመት በኋላ ቤቱ ሲፈጸም አላዩም፤ ስምዖን ሕፃኑን እስኪያቅፍ ድረስም ከ500 ዓመት በላይ ቀርቶ ነበር። ነገር ግን ስምዖን የቆመበት ደጅ እነርሱ እያዘኑ ያነሡት ደጅ ነው። ንቀው ትተውት ቢሆን ኖሮ ድንግል ልጇን ይዛ የምትገባበት መቅደስ ከወዴት ይገኝ ነበር?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የተሰጠህ ነገር ከተስፋህ ያነሰ ቢመስልህ፥ ዕንባህን ጥረግና ድንጋዩን አንሣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።