ምድሩ ሲረጋ ሐይቁ አይረጋም

በጥር ማለዳ ከባሕር ዳር ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ማጀቶች የሚወጣው ጭስ ጥቂት ከፍ ይልና ወደ ጎን ይተኛል። መንገደኛው «ዛሬ ነፋስ የለም» ብሎ ያልፋል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። መሬት የነካው አየር ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ከበላዩ ያለው ግን ሞቅ እንዳለ ይቆይና እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ቀን ሽቅብ ቁልቁል ሲል የዋለው የአየር መናወጥ ይደክማል፤ ጭሱም አቧራውም ከሥር ታፍኖ ያድራል። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1920 እ.ኤ.አ. ይህን ግብግብ በአንድ ቁጥር አሰላው፦ የአየሩ መርጋት መናወጥን ይገታል፣ የነፋስ ፍጥነት ከከፍታ ከፍታ መለያየቱ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። የሁለቱ ንጽጽር 0.25 ገደማ ሲያልፍ መናወጡ ይከስማል ይባላል።

ሌሊቱ ግን ለቁጥሩ ሁልጊዜ አይታዘዝም። ከሥር ያለው አየር ሲረጋ የላይኛው ነፋስ ከመሬት ሰበቃ ተላቆ ይፈጥናል፤ ልዩነቱ ሲበዛ ድንገት ይናወጣል፣ ወዲያው ይበርዳል። ቀጥ ብሎ ያደረው የነፋስ መለኪያ በድንገት ዞሮ ሲቆም፣ ቴርሞሜትሩም ከፍ ብሎ ሲወርድ፣ አዲስ ባለሙያ መሣሪያው ተበላሸ ይላል። መሣሪያው ደኅና ነው።

ሐይቁ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት በአንድ ሌሊት አይጨርስም። ከምድር የወረደው ቀዝቃዛ አየር ውሃው ላይ ሲደርስ ከሥር ይሞቃል፣ ይነሳል፣ ይናወጣል። ባሕር ዳር እንቅልፍ ላይ ሳለች ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ አየሩ ሥራ ላይ ነው። በቀን ይገለበጣል፦ ከምድር የመጣ የጋለ አየር ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይረጋል። በአውሮፓ የባልቲክ ባሕር ላይም በጸደይ ወራት ይኸው ይታያል።

ይህ ለምን ያስጨንቀኛል? ከጣና በዓመት የሚተነው ውሃ ቢለካ ከፍታው ከ1.5 ሜትር እንደሚያልፍ ይገመታል። እንፋሎቱን ከውሃው ወለል ጠርጎ የሚወስደው ይኸው መናወጥ ነው። የምድር ጣቢያ ሌሊቱን «ነፋስ ዜሮ» ብሎ መዝግቦ፣ ያ ንባብ እንዳለ ወደ ሐይቁ ስሌት ከገባ፣ ትነቱ ፀሐይ ስትጠልቅ የቆመ ይመስላል። ውሃው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይተንናል። የቀኑ ስሌት ደግሞ በተቃራኒው ሊጋነን ይችላል፤ ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ ይጣፋሉ ብሎ መተማመን ሙያ አይደለም።

የጣናን የውሃ ሚዛን የምትሠሩ ተማሪዎችና ባልደረቦቼ፣ የሌሊቱን ነፋስ ከምድር ጣቢያ ብቻ አትውሰዱ። የውሃውን ወለል ሙቀት ከአየሩ ጋር አስተያዩ፤ ከተቻለም ደቅ ደሴት ላይ ወይም ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ መለኪያ ሌሊቱን ለኩ።