ሦስት ቁልፍና አንድ ተጠርጣሪ

ሁለት ሰዎች በሁለት ክፍል ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዱ የሟቿ ባል ነው፤ በደም የተበከለ ጫማው በፖሊስ እጅ ገብቷል። ሌላው ቀደም ሲል በሕፃናት ላይ በፈጸመው ነውር የሚታወቅ ወንጀለኛ ነው። ሟቿ ዲድሬ ሞለር ትባላለች፤ ከተማው ሎስ አንጀለስ፣ ዓመቱ 1947 ነው። መርማሪው ኮል ፌልፕስ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይጠይቃል፣ ያፋጥጣል፤ በመጨረሻም ከሁለቱ አንዱን መክሰስ አለበት። ማን እንደሚከሰስ የሚወስነው ግን ጆይስቲኩን የጨበጠው ሰው ነው።

ባልየውን ከከሰሰ አለቃው ካፒቴን ዶኔሊ በቁጣ ይነሣበታል፤ እንዲህ ያለውን የሕፃናት ጠላት እንዴት ትለቀዋለህ ብሎ። ሌላውን ከከሰሰ ሙገሳ ይጠብቀዋል። ማስረጃው ወዴት ያመዝናል የሚለውን የሚጠይቅ አለቃ የለም። ታሪኩ ወደፊት ሲገፋ ደግሞ ሴትዮዋን የገደላት ከሁለቱ አንዱም እንዳልነበረ ይገለጣል።

ይህ «ኤል ኤ ኑዋር» በተባለው ቪዲዮ ጌም ውስጥ ካሉት የምርመራ መዝገቦች አንዱ ነው። ጌሙ የወጣው በ2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው በአውስትራሊያዋ ሲድኒ የነበረው ቲም ቦንዳይ ሲሆን ለገበያ ያቀረበው ሮክስታር ጌምስ ነው። በአብዛኛው ቪዲዮ ጌም ተጫዋቹ ሐሳቡን የሚገልጸው በእጁ ነው፤ ይተኩሳል፣ ይዘላል፣ ይነዳል። የምርመራ ጌም ግን ጥያቄን የጨዋታው ዋና ተግባር ያደርገዋል። ለሠሪዎቹም ከባድ ፈተና ይዞ ይመጣል። ግድግዳን መዝለል ይቻላል ወይም አይቻልም፤ ሰውን መጠየቅ ግን ሺህ መንገድ አለው። ያንን ሺህ መንገድ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያሳጣል? ይህን ለማየት ከ«ኤል ኤ ኑዋር» የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ድካሙም ስሕተቱም ፊት ለፊት ይታያልና።

ድካሙ ከፊት ይጀምራል። ሞሽንስካን በተባለው ዘዴ እያንዳንዱ ተዋናይ ወንበር ላይ ተቀምጦ በ32 ካሜራ ተከብቦ ተቀርጿል። የቅንድብ እንቅስቃሴ፣ የከንፈር መንቀጥቀጥ፣ ምራቅ የመዋጥ ምልክት ሁሉ ሳይቀር ወደ ጌሙ ገባ። የአካል እንቅስቃሴው ለብቻው ስለተቀረጸ አንዳንዴ ራሱ የሌላ ሰው አንገት ላይ የተተከለ ይመስላል፤ ፊቱ ግን በዚያ ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ነበር። በዚያው ዓመት የኒው ዮርኩ ትራይቤካ የፊልም ፌስቲቫል ጌሙን በመርሐ ግብሩ አካቶ ለታዳሚ አሳይቶታል፤ ለቪዲዮ ጌም የመጀመሪያው ነበር። ፌልፕስን ሆኖ የተጫወተው አሮን ስቴተን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፌልፕስ የማስታወሻ ደብተሩን ይገልጣል፤ ጥያቄዎቹ እዚያ ተዘርዝረዋል። ተጫዋቹ አንዱን ይመርጣል፣ ተጠርጣሪው ይመልሳል፣ ከዚያም ፊቱን እያሳየ ይጠብቃል። ሦስት ቁልፎች አሉ፦ «እውነት»፣ «ጥርጣሬ»፣ «ውሸት»። ሰውየው ያለውን እየተናገረ ነው ብሎ የሚያምን የመጀመሪያውን ይጫናል። የሚደብቀው ነገር አለ፣ ማስረጃ ግን የለኝም የሚል ሁለተኛውን። ውሸት ነው ብሎ የሚወነጅል ግን የሰበሰበውን ማስረጃ አውጥቶ ማሳየት ግዴታው ነው። ወዲያው የሚሰማው የሙዚቃ ድምፅ ምርጫው ልክ ይሁን ስሕተት ይነግረዋል።

ሐሳቡ ያምራል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን በሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። አንደኛው ፊትን የማንበብ እምነት ነው። በ2006 ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው ሲመዝኑ፣ ሰዎች እውነትንና ውሸትን ለመለየት ሲሞክሩ የሚሳካላቸው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። ጌሙ ግን ፊት መልስ ያለበት ወረቀት ነው ይላል። ስለዚህ ተዋናዮቹ የሚዋሹት ለተመልካች እንዲታይ አድርገው ነው፤ ዓይናቸውን ወዲያ ወዲህ ያንከራትታሉ፣ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ጥቂት መዝገብ የጨረሰ ተጫዋች ሰው ማንበብ ተማርኩ ብሎ ያስባል፤ የተማረው የተዋናዮቹን ልማድ ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ ይብሳል። «ጥርጣሬ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ልቡ ውስጥ ያለው «ይህቺ ነገር አልተዋጠችልኝም» የሚል ለስላሳ ስሜት ሊሆን ይችላል። ፌልፕስ ግን ጠረጴዛ ሊገለብጥ ምንም ሳይቀረው ይጮኻል። እናቷ በሞተችባት ሕፃን ላይ ሳይቀር። ቁልፉ አንድ ነገር ቃል ገብቶ አፉ ሌላ ይናገራል ማለት ነው። አቅራቢዎቹም ይህን የተረዱት ይመስላል፤ ጌሙ በ2017 እንደገና ሲወጣ ሦስቱ ቁልፎች «ደግ ፖሊስ»፣ «ክፉ ፖሊስ»፣ «ወንጅል» ተባሉ። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም መሠረታዊ ነው። የቀድሞዎቹ ተጫዋቹን ስለ ተጠርጣሪው ይጠይቁታል፤ አዲሶቹ ስለ ራሱ፤ እንዴት ያለ መርማሪ ልትሆን ነው ብለው።

የምርመራ ጌም ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1947 አሜሪካ ውስጥ ተጠርጣሪ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ሳይነገረው ይጠየቅ ነበር፤ ይህን ግዴታ ያደረገው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚራንዳ ውሳኔ የመጣው በ1966 ነው። የሞለር መዝገብ ተጫዋቹን የሚያስቀምጠው በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሥልጣን ላይ ነው። በስተመጨረሻ የሚሰጠው የኮከብ ውጤት ንጹሕ ሰው በመክሰሱ ሊሸልመው ይችላል። የከሰሰውን ሰው ጠልቶት እንደነበረ፣ ጥላቻውም ማስረጃ መስሎ እንደታየው የሚገባው ዘግይቶ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያቺ የሙዚቃ ድምፅ ባታበላሸው። እውነተኛ መርማሪ ልክ ነህ የሚለው ዜማ የለውም፤ ከነጥርጣሬው ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

የምርመራ ጌም ታሪክ ረጅም ነው። በ1982 ማርክ ብላንክ የጻፈው የኢንፎኮሙ «ዴድላይን» ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ ተጫዋቹ ጥያቄውን በጽሑፍ ይተይባል፣ የተሰጠው 12 ሰዓት ነው፣ ምርመራው በሚካሄድበት ግቢ ያሉት ሰዎች እሱ ቢኖርም ባይኖርም የየራሳቸውን ጉዳይ ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ያለ በቂ ማስረጃ ያሰረ መርማሪ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ምን እንደሆነ ይነበብለታል። በተከታዩ ዓመት ጃፓን ውስጥ ዩጂ ሆሪ «የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ» የተባለውን ጌም አወጣ። በ1985 ፋሚኮም ወደተባለው የጌም ማጫወቻ ሲዛወር መተየቡ ቀርቶ የትእዛዝ ዝርዝር መጣ፤ ጠይቅ፣ አሳይ፣ እሰር። ከዝርዝሩ ውስጥ «ምታ» የሚል ትእዛዝም ነበረ። ዱላ ከጥያቄ እኩል ተሰልፎ ሲቀርብ ማየት ዛሬም ያስደነግጠኛል።

ጃፓናዊው ሹ ታኩሚ ደግሞ በ2001 ነገሩን ወደ ችሎት ወሰደው። የካፕኮሙ «ኤስ አተርኒ» ዋና ሰው ጀማሪ ጠበቃ ነው፤ ምስክሩ ቃሉን ሲሰጥ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ለይቶ አጥብቆ መጠየቅ ወይም የሚቃረናትን ማስረጃ መምዘዝ ይችላል። የድሮውን የበላ ልበልሃ ሙግት ከአባቶቹ የሰማ ሰው እዚህ ባዕድነት አይሰማውም፦ አንዲት ቃል አጥምዶ ይዞ፣ በዚያችው ቃል ባለቤቷን መርታት። ደስታው ታላቅ ነው፤ የምርጫው ስፋት ግን ጠባብ ነው። ትክክለኛው ማስረጃ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቅጣት ያስከትላል። ተጫዋቹ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ዓይነት ጠበቃ መሆን ግን አይችልም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ጌም ሦስቱንም ቁልፎች አውጥቶ ጥሏቸዋል። ሳም ባርሎ በ2015 ያወጣው «ኸር ስቶሪ» የእንግሊዝ ፖሊስ ኮምፒውተር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። በ1994 ባሏ ስለጠፋባት አንዲት ሴት የተደረጉ ሰባት ምርመራዎች 271 ቁርጥራጭ ቪዲዮ ሆነው ተቀምጠዋል። መፈለጊያው ሳጥን ላይ «ግድያ» የሚል ቃል ተጽፎ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ቃል ይጽፋል፤ ያ ቃል ከሴትዮዋ አፍ የወጣባቸው ቅጂዎች ይመጣሉ፣ የሚታዩት ግን በቀን ቅደም ተከተል የመጀመሪያዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ተዋናይዋ ቪቫ ሳይፈርት ትመልሳለች፤ የመርማሪዎቹ ጥያቄ አይሰማም።

የዚያች የአምስት ገደብ ጥበብ በደንብ መታየት አለባት። የሴትዮዋን ባል ስም የጻፈ ሰው ብዙ ቅጂ እንዳለ ይነገረዋል፣ የሚያየው ግን መጀመሪያ የተናገረችውን ብቻ ነው፤ ማለትም ገና በተጠነቀቀችበት ጊዜ የተናገረችውን። ወደ መጨረሻዎቹ ምርመራዎች ለመድረስ ያኔ ብቻ የተናገረችውን ቃል መገመት አለበት። ለዚያ ደግሞ ማድመጥ ያስፈልጋል፦ ሳታስበው ያመለጣትን የዕቃ ስም፣ የቦታ ስም፣ ሁለተኛ ያልደገመችውን ቃል። ልክ ነህ የሚል ዜማ የለም፣ ኮከብ የለም፣ የሚከሰስ ሰው የለም። በመጨረሻ የሚመጣው ጥያቄ የሆነው ነገር ገብቶሃል ወይ የሚል ብቻ ነው፤ በቃኝ የሚለውም ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሁለት ሰዎች ይህን ጌም ጨርሰው ስለ ሴትዮዋ ማንነት ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ አይግባቡም፤ ሁለቱም ግን ከራሷ አፍ የወጣ ማስረጃ አላቸው።

ከኢስቶኒያ የፈለቀው የ2019ኙ «ዲስኮ ኢሊዚየም» ጥያቄውን ወደ ራሱ ወደ መርማሪው አዞረው። በሮበርት ኩርቪትዝ መሪነት ዛኡም የተባለው ቡድን በሠራው በዚህ ጌም ዋናው ሰው በስካር ብዛት ስሙን እንኳ የረሳ ፖሊስ ነው፤ ካረፈበት ሆቴል ጀርባ ባለው ዛፍ ላይ ሬሳ ተሰቅሏል። መርማሪው 24 ችሎታዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም በጭንቅላቱ ውስጥ ድምፅ አላቸው። አንዱ ሰውየው እየዋሸህ ነው ይለዋል፣ ሌላው ንቀውሃልና ተቆጣ ይለዋል፣ ሦስተኛው እዘንለት ይለዋል። አስቸጋሪ ንግግር ሲመጣ ሁለት ዳይስ ይጣላሉ፤ ቁጥሩ ከችሎታው ጋር ተደምሮ ውጤቱን ይወስናል። ሳይሳካ ቢቀር ታሪኩ አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ በውድቀቱ በኩል የሚገኘው ትዕይንት ከስኬቱ ይልቃል።

የዚህ ጌም ትልቁ ምርመራ ክላስያ ከተባለች ሴት ጋር የሚደረገው ነው። ድምፆቹ ሁሉ በአንድነት ይወዷታል፤ ብልህ ናት፣ ተጎድታለች፣ እመናት ይሉታል። ያኔ ጽናቱ፣ ራስን የመግዛት ችሎታው ማለት ነው፣ ጣልቃ ገብቶ እነዚህን አትስማቸው፣ በእሷ ተማርከዋል ብሎ ያስጠነቅቀዋል። በ«ኤል ኤ ኑዋር» ፊት መቼም አያታልልም ነበር፤ ተጫዋቹ ብቻ ነው ያላስተዋለው። እዚህ ግን አታላዩ የገዛ ማስተዋሉ ነው። ይህን በጨዋታ ደንብ መልክ መሥራት እንደሚቻል ከማየቴ በፊት ይቻላል ብዬ አላስብም ነበር።

ጆሽ ሶየር የመራው የኦብሲዲያን «ፔንቲመንት» በ2022 መጥቶ አንድ እርምጃ ጨመረ። ቦታው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ባቫሪያ ነው፤ ሠዓሊው አንድሬያስ ማለር በገዳም ውስጥ በተፈጸመ የባላባት ግድያ የተጠረጠረውን አረጋዊ ጓደኛውን ለማዳን ይነሣል። ጊዜው አጭር ነው፤ ከአንዷ ጋር ለምሳ የተቀመጠ የሌላውን ቤት ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ሁሉንም የጠየቀ መርማሪ የለም። አራት ሊጠረጠሩ የሚችሉ ሰዎች አሉ። አንዱን ለቤተ ክህነቱ ዳኛ ያቀርባል፤ ያ ሰው ይገደላል። ገዳዩ እሱ ይሁን አይሁን ጌሙ እስከ መጨረሻው አይነግረውም። ታሪኩ ዓመታትን ዘልሎ ሲቀጥል የመንደሩ ሰው ያንን ቅጣት አልረሳም፤ አንድሬያስ ተመልሶ ሲመጣ ስለዚያ ያናግረዋል።

ከእነዚህ ጌሞች አንዱም በአማርኛ አልተዘጋጀም፤ «ዲስኮ ኢሊዚየም» በተለይ በልብ ወለድ መጠን የሚነበብ ከባድ እንግሊዝኛ አለው። ለመጀመር ለሚፈልግ «ኸር ስቶሪ»ን እመርጥለታለሁ። በስልክም ይሠራል፣ ተኩስ የለበትም፣ ፈጣን ጣት አይጠይቅም፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሁለት ሆኖ መጫወት ይሻላል፤ አንዱ ይተይብ፣ ሌላው ሴትዮዋ የተናገረቻቸውን ቃላት ወረቀት ላይ ይመዝግብ፣ ቀጥሎ የሚፈለገውን ቃል ግን ሁለቱም ሳይስማሙ አይጻፉ።