አስታማሚው ማን ነው? ምንስ ያውቃል?

ሰው ለቤቱ ግንበኛ፣ ለልብሱ ሰፊ ሲፈልግ ሙያውንም ጠባዩንም ጠይቆ ነው። ከአልጋ መነሳት ለተሳናቸው ወላጆቹ አስታማሚ ሲቀጥርስ ምን ይጠይቃል? በአገራችን ልማዱ ተያዥ ነው። አንድ የታወቀ ሰው «እኔ አለሁላት» ካለ ነገሩ ያልቃል። ተያዥ ግን የጠፋ ዕቃ ያስመልስ ይሆናል እንጂ በሽተኛ እንዴት እንደሚታጠብ አያስተምርም፤ የሠራተኛዋንም ያለፈ ታሪክ ሁሉ አያውቅም።

ይህን ጥያቄ በሕግ ለመመለስ ከሞከሩት አገሮች አንዱ የአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ነው። በዚያ በሲያትልና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደሩ ስላሉ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ሕጉ እንዴት ወጣ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የስቴቱ ሕዝብ ከ70 በመቶ በሚበልጥ ድምፅ የአስታማሚዎች ሥልጠና እንዲጨምር፣ ማጣሪያውም እንዲጠብቅ ወሰነ። ምክር ቤቱ ግን በበጀት እጥረት ምክንያት አፈጻጸሙን አዘገየው። ሕዝቡ በኖቬምበር 2011 ዳግም ድምፅ ሰጠ፤ 65 በመቶ ያህሉም ደገፈው። ሕጉ ከጃንዋሪ 7 ቀን 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ርኅራኄ ብቻውን ይበቃልን?

በሕጉ መሠረት አዲስ አስታማሚ በጠቅላላው 75 ሰዓት ይሠለጥናል። ከዚህ ውስጥ 5ቱ ሰዓት፣ ማለትም 2 ሰዓት ስለ ሥራው፣ 3 ሰዓት ስለ ደኅንነት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ ነው። ከዚያም በዕውቀትና በተግባር ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያገኛል። የዕውቀት ፈተናው በአማርኛም ይሰጣል። በየዓመቱ ደግሞ 12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለ።

«ማስታመም ምን ትምህርት ያሻዋል? ርኅራኄ ይበቃል» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስተውል። አንዲት አዛኝ ሠራተኛ በሽተኛው ይረፍ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ሳታገላብጠው ብታድር በወገቡና በተረከዙ ላይ የመኝታ ቁስል ሊጀምር ይችላል። ተንጋሎ ሳለ ብታጎርሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በብብቱ ጎትታ ብታነሳው የእሱ ትከሻ፣ የእሷም ወገብ ይጎዳል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው።

ሕጉ የሥጋ ልጅንም አልዘነጋም። በስቴቱ ክፍያ የገዛ ወላጁን ብቻ የሚጦር ልጅ የምስክር ወረቀት አይጠየቅም፤ 35 ሰዓት ግን ይሠለጥናል። ፍቅሩ ታምኖለታል፤ ዕውቀቱ ግን መማር አለበት።

የጣት አሻራ ለምን?

ዐዋቂ ሁሉ ደግሞ ታማኝ አይደለም። ቀድሞ በስቴቱ 3 ዓመት የኖረ ሠራተኛ በስሙና በትውልድ ቀኑ ብቻ ይጣራ ነበር። ስም ይለወጣል፤ አሻራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ አዲሱ ሕግ የአዲስ ተቀጣሪዎች አሻራ በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ ጭምር እንዲመረመር አዘዘ። ወጪው በሠራተኛው ላይ አይጣልም። ደካሞችን በመበደል ወይም ንብረታቸውን በመዝረፍ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ከእነርሱ ጋር ብቻውን እንዲሆን አይፈቀድለትም።

አንዳንዶች አሻራ መስጠት እንደ ወንጀለኛ መቆጠር ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ በተዘጋ ቤት ከበሽተኛ ጋር ብቻዋን የምትውል ሴት፣ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት። ንጹሕ መዝገብ ለእሷም መከታ ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

መዝገብ ግን የሚናገረው የተመዘገበውን ብቻ ነው። ተይዞ የማያውቅ በዳይ መዝገቡ ንጹሕ ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ጥፋትም በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ወላጆቻችን አማና ናቸውና ወረቀቱን አይተን ብቻ መሄድ የለብንም። ቀጠሮ ሳንይዝ ጎራ እንበል። ጀርባቸውንና ተረከዛቸውን ገልጠን እንይ። ሠራተኛዋ በሌለችበት «እንዴት ይዛችኋለች?» ብለን እንጠይቃቸው። ደህና ይዛቸው ከሆነ ደግሞ ምስጋናችንን ፊት ለፊት እንንገራት፤ የደመወዝ ቀኗንም አናሳልፍባት።