ደመወዝና የቀን ምንዳ በዋግ ኽምራ

«በሰቆጣ አካባቢ ሰው በወር በአማካይ ስንት ብር ያገኛል?» የሚል ጥያቄ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል። ከዚያ አገር የመጣው ጓደኛችን አንድ ቁጥር ይናገራል፤ በጋዜጣ ያነበበው ሌላ ቁጥር ይናገራል። ሁለቱም አልዋሹ ይሆናል። ጉድለቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። በዋግ የአንዱን ገቢ ከሌላው የሚለየው በቀን የሚከፈለው ብር ብቻ አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጠው በዓመት ውስጥ ስንት ቀን ይከፈለዋል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ደመወዝተኛው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የዋግ ኽምራ ሕዝብ 426 ሺህ ገደማ ነበረ። ከዚህም በከተማ ይኖር የነበረው ከመቶ 7 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው በደጋው ገብስና ስንዴ የሚያርስ፥ በተከዜ በኩል በአበርገሌ፥ በዝቋላና በሰሃላ ፍየል የሚያረባ ባላገር ነው። የወር ደመወዝ የሚከፍሉት መሥሪያ ቤቶች ግን አብዛኛዎቹ በሰቆጣና እንደ አምደ ወርቅ ባሉት የወረዳ ከተሞች ተሰብስበው ይገኛሉ። ወደ ገጠሩ ቀበሌ ሲወርዱ በየወሩ የሚከፈላቸው መምህራኑ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ሠራተኛው ናቸው፤ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚቆጠር ብዙ ሰው የለም። እንግዲህ ስለ ደመወዝ ስንናገር ስለ ጥቂቶች መናገራችን ነው።

በእነዚህም ጥቂቶች መካከል መሰላል አለ። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር፥ ከፍተኛው 21,492 ብር ነበረ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲጸና በታወጀው ማሻሻያ ዝቅተኛው 6,000፥ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። ስለዚህ የላይኛው ደመወዝ ቀድሞ የታችኛውን አራት እጥፍ ተኩል ያህል የነበረው ወደ ስድስት እጥፍ ተኩል አድጓል። እኛን የሚመለከተውም እዚሁ ላይ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ 6,940 ብር የነበረው ወደ 11,500 ከፍ ብሏል። ለእኛ የተጨመረው 4,560 ብር ሲሆን በዝቅተኛው እርከን ላለው ዘበኛ ወይም የጽዳት ሠራተኛ የተጨመረው 1,240 ብር ነው። ከምረቃችን ማግሥት በሰቆጣ ቢሮ ብንቀመጥ በር ከሚከፍትልን አባት ደመወዝ ሁለት እጥፍ ለመድረስ ጥቂት ይቀረናል ማለት ነው።

ከደመወዝተኛው በታች ደግሞ የቀን ምንዳ ሠራተኛው አለ። በሰቆጣ የሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚያቀብለው፥ ጭቃ የሚረግጠው፥ ውሃና አሸዋ የምታመላልሰው ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ዋጋቸውን የሚወስነው የዕለቱ ድርድር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቶአል፤ በጠዋት አደባባይ ቆሞ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ግን ዋጋውን የሚያውቀው ስንት ሰው አብሮት እንደ ቆመ አይቶ ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ ቁጥሩ ለማስረጃ ብቻ መሆኑን አስቀድመን እንናገርና፥ አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን 400 ብር ያገኛል እንበል። የ6,000 ብር ደመወዝ ለ30 ቀን ቢካፈል በቀን 200 ብር ነው። ስለዚህ ላይ ላዩን ያየ ሰው የቀን ሠራተኛው ከዘበኛው እጥፍ ያገኛል ይላል። ነገር ግን ሥራ የሚያገኘው በወር 5 ቀን ቢሆን በዓመት 60 ቀን ይሆናል፤ ገቢውም 24,000 ብር ነው። ዘበኛው ግን በዓመት 72,000 ብር ይቀበላል። በቀን እጥፍ የሚያገኘው ሰው በዓመት ሲሶ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የቀን እጥረት ለመሸሽ የዋግ ጎልማሳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ሰሊጥ እርሻ ለአረምና ለአጨዳ ይወርዳል። የሚያገኘው ምንዳ ከአገሩ ይሻል ይሆናል፤ ነገር ግን የመንገዱ፥ የቀለቡና የወባው ወጪ ከዚያው ላይ ይነሣል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ጦርነትና የጸጥታ መታወክ ይህን መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል። መንገድ ሲዘጋ የሚቀነሰው የምንዳው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሥራው ቀን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ክፍያ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፥ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይረዳል። በመጀመሪያው ዘመን የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበረ። ለአንድ ሰው የሚታሰበውም በወር 5 ቀን ለ6 ወር ነው፤ ይኸውም በዓመት 30 ቀን ሆኖ 180 ብር ወይም 90 ኪሎ እህል ነበረ። በ2000 ዓ.ም. ብሩ ወደ 8 ከፍ ቢልም የእህል ዋጋ ከዚያ ፈጥኖ ስለ ወጣ ብዙዎቹ ተረጂዎች ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጡ። ሦስት ኪሎ እህል ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ያው ሦስት ኪሎ ነውና።

አሁን አማካይ የሚባለውን እንፈትን። የአሥር ሠራተኞች መንደር እናስብ። አንዱ ዲግሪ ያለው መምህር 11,500 ብር፥ አንዱ ዘበኛ 6,000 ብር፥ የቀሩት ስምንቱ የቀን ሠራተኞች በወር 2,000 ብር ያገኛሉ። ድምሩ 33,500፥ አማካዩም 3,350 ብር ነው። በመንደሩ ግን 3,350 ብር የሚያገኝ አንድም ሰው የለም፤ ስምንቱ ከዚያ በታች፥ ሁለቱ ከዚያ በላይ ናቸው። ሰዎቹን በገቢያቸው ተራ ብናሰልፋቸው መካከል ላይ የሚገኘው ሰው 2,000 ብር ነው የሚያገኘው። ከአሥሩ ስምንቱ ከጠቅላላው ገቢ ግማሽ እንኳ አይደርሳቸውም፤ አንዱ መምህር ብቻውን ሲሶውን ይወስዳል። እርሱም ቢሆን ባለጸጋ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ከፍሎ፥ ለእናትና ለአባቱ ልኮ፥ ታናሽ ወንድሙን የሚያስተምር ሰው ነው።

ልዩነቱ እጅግ የሚከፋው ዝናብ ሲጠፋ ነው። አዝመራው ሲከሽፍ ለራሱ ያርስ የነበረው ሁሉ ምንዳ ፍለጋ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ አሠሪ ሊሆን የሚችለው ገበሬ ደግሞ ራሱ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። ሁሉም ፍየሉን በአንድ ገበያ ስለሚያወጣ የፍየል ዋጋ ይወድቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ጊዜ ዋግ የወሎ አውራጃ ነበረ። ሕንዳዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረኃብ መርምሮ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይንር ሕዝቡ የተራበው መግዣ አቅም በማጣቱ መሆኑን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶአል። ወር ጠብቆ የሚከፈለው ሰው በድርቅ ዓመት ኑሮ ይከብደዋል፤ የቀን ሠራተኛው ግን መግዣውንም ያጣል።

በመጨረሻም በማንኛውም የደመወዝ መዝገብ የማይጻፍ ሥራ መኖሩን መርሳት አይገባም። በደቦና በወንፈል የሚታጨደው እህል፥ በሬ ተውሶ በጉልበቱ የሚከፍለው ገበሬ፥ መሬቷን ለእኩል አራሽ የሰጠች መበለት፥ ለልብስና ለቀለብ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በብር አይቆጠሩም። ገቢ የላቸውም ተብሎ ቢጻፍ ሥራ የላቸውም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲያ ስለ አንድ አገር ገቢ ስንከራከር ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ስንት ብር? በዓመት ስንት ቀን? ብሩስ በገበያ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል? ነገ ከመካከላችን አንዳንዱ በዋግ የዕቅድ ክፍል ይቀመጥና ስለ ሕዝቡ ኑሮ መግለጫ ይጽፋል። ከላይ ያየነው የአሥሩ ሰዎች መንደር አማካይ እንዲያምር ያደረገው የመምህሩ ደመወዝ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በዚያ መግለጫ ውስጥ አማካዩን ከፍ የሚያደርገው የእኛው ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላስተዋለ ጸሐፊ የራሱን ደመወዝ አይቶ የሕዝቡ ኑሮ ተሻሻለ ብሎ ይጽፋል።