የሊበራል መሪ ፈተና

በአዳማ አጠገብ፣ በወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካ ያቆሙት ሆላንዶች ሊበራል የሚሉት የግለሰብን መብትና ሕግን ከባለሥልጣን ፈቃድ የሚያስቀድመውን ወገን ነው። ሊበራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮርት ቫን ደር ሊንደን እ.ኤ.አ. በ1917 ለወንዶች ሁሉ የመምረጥን መብት አስፈቀዱ፤ በማግሥቱ ዓመት ወገኖቻቸው በዚሁ ድምፅ ተሸነፉ።

በአገራችን ቅርቡ ምሳሌ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ቀድሞ ዳኛ ነበሩ፤ ከ1997 ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው በ1999 በይቅርታ ተፈቱ፤ ኋላም የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ። በ2001 ይቅርታው ተሽሮ ወደ ወኅኒ ተመለሱ፤ ፓርቲውም ያለ እርሳቸው ተከፋፈለ። በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ ይኸውም በእኔ አስተያየት ከሊቀ መንበርነቱ የከበደ ነበር፤ ቦርዱ ድምፅ ይቆጥራል እንጂ ተፎካካሪ አይፈጥርምና። በ2013 ኦፌኮና ኦነግ ስላልተወዳደሩ በኦሮሚያ በብዙ የምርጫ ክልሎች ገዥው ፓርቲ ብቻውን ቀረበ።